እንከን የሌለባቸው ዘጠኝ ልጆች

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለአቢራሚ፣ ማዱራይ

የሆስፒታሉ ሥራ እንዴት ይዞሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኛ ለእናታችን ለአምላካችን ለዴቪ ምስጋና ይድረሳትና ሁላችንም ደህና ነን።

ለዘጠኙ ሌሊት በዓል ማንጋላም፣ ያቺ ወተት በውሃ እያበዛች የምትቸረችረው ጎረቤታችን፣ ዘጠኝ ልጃገረዶች አስቀምጣ እንደ አምላክ እግራቸውን ልታጥብ ደገሰች። ልጄ ሲቫካሚም ተጠራችና አረንጓዴ ሐር አልብሼ ወሰድኳት። ማንጋላም የልጆቹን እግር እንደ ገበያ ፍየል እያገላበጠች ስታይ ሲቫካሚ ጋ ደርሳ ቆመች።

«ይሄ እግሯ ላይ ነጣ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ምንም አይደል፣ ከዝናቡ ወዲህ የወጣ ነው።»

«እቴ፣ አምላካችን እንከን የለባትም። እንከን ላለባት ልስገድ?»

«ወተትሽን የቻለች አምላክ የልጄ እግር አይከብዳትም» ብያት ልጄን ይዤ ወጣሁ።

እሷን ብሎ የንጽሕና ዳኛ። የአምላክን ሺህ ስም በቃሏ ትወጣዋለች፤ አንዱም ግን ወደ ልቧ አልገባም።

ቤት ገብተን እኔው ራሴ ሲቫካሚን አስቀምጬ በእርድ ውሃ እግሯን አጠብኩላት። በንዴት ውሃውን አብዝቼ አሙቄው ኖሮ እጄን ለበለበኝ። እሷ ግን ያንኑ ነጣ ያለበትን እግሯን ነክራ ትስቃለች።

«እማ፣ እጅሽን ለምን እፍ እፍ ትያለሽ? ውሃው እኮ አልሞቀም» አለችኝ።

የማንጋላምን ወሬ ከቁም ነገር ቆጥሬው አይደለም። ብቻ የዕረፍትሽ ቀን መቼ ነው? ልጅቷ ናፍቀሻታል። ጠዋት የሚነሳውን አውቶቡስ ያዢ፣ እግሯን በቀን ብርሃን እንድታዪልኝ።

የእናታችን እጅ ከላይሽ አይነሳ።

እህትሽ ቫዲቩ