ጭጋጉ በአራት ሰዓት ይገለጣል

ለክቡር የእህል በረራ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ ወንበርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ የተረፍነው መካነ ሰላሞች ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ከአሮጌው መንግሥት ተነሥተው አዲሱ ላይ አንዳች ሳይንገጫገጩ ማረፍዎን ሰምተን ተደንቀናል፤ እንዲህ አድርጎ ማረፍ የሚችል አብራሪ በአገራችን ብዙ የለም።

እኔ ምናለ አራጌ ነኝ፤ በአውሮፕላን ሜዳችን የአየሩን ጠባይ እያየሁ በሬዲዮ የማስታውቅ ሠራተኛዎ። ባለፈው ወር ለሕዝቡ ንግግር ሲያደርጉ ስሜን ጠርተው፣ በ፷፮ ክረምት እህል ያልመጣው ምናለ በየቀኑ ሜዳው ዝግ ነው እያለ ስላስታወቀ ነው ብለው ስለተናገሩልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳገለግል በአደባባይ ስሜ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሕዝቡም በዚያ ክረምት በየቀኑ ጥርት ያለ ሰማይ እያየ ስለከረመ፣ ዋሾው እኔ መሆኔን ለማመን አልተቸገረም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ስላጣሁ፣ ቅሬታዬን በግልጽ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ፤ በክረምት ጧት ከዓባይ ሸለቆ የሚወጣው ጭጋግ ሜዳውን ይሸፍነዋል። እኔ ከሜዳው ራስ ቆሜ የመስጊዱ ጣሪያ ከታየኝ ክፍት፣ ካልታየኝ ዝግ እላለሁ። ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት አይታይም። በአራት ሰዓት ግን ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ዝናቡ እስኪመጣ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ፣ ሰማዩ ለአብራሪ የተመቸ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ግን የሚቀበለው የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ቃል ብቻ ነው። በአራት ሰዓት ተገለጠ ብዬ ስጣራ፣ የሪፖርት ሰዓት አልፏል ተብሎ ሬዲዮው ይዘጋብኛል። ሰዓቱ እንዲለወጥ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ትጋቴ አመሰገኑኝ።

፪ኛ፤ ነሐሴ መግቢያ ላይ ራስዎ በሬዲዮ ቀርበው፣ ሐሙስ እህል ይመጣል፣ ቃሌ አማና ነው አሉኝ። እኔም ቂሉ አመንኩ። ጎረቤቴ ሼህ ሷሊህ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሊካንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው፣ ገንፎ ይታደላል ወደተባለበት ወደ ወረኢሉ በእግር ሊነሡ ጓዛቸውን አስረው ነበር። ያን ጊዜ ገና መራመድ ይችሉ ነበር። የእርስዎን ቃል ይዤ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ጓዛቸውን ያስፈታኋቸው እኔ ነኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሰው አስከትዬ ነው የገባሁት።

ሐሙስ አለፈ። ተስፋ እስክንቆርጥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሜዳው ላይ ተቀመጥን። በየቀኑ በአራት ሰዓት ፀሐይ ወጣች፤ ከጥንብ አንሣ በቀር ግን የሚበር ነገር አላየንም። በስድስተኛው ቀን፣ ነገ ጧት ክፍት ነው ብዬ ብዋሽስ ብዬ ሼህ ሷሊህን አማከርኳቸው። የአብራሪውም ነፍስ ነፍስ ናት፣ እኛ እንድንበላ እርሱ ገደል አይግባ፣ ሶብር እናድርግ፣ እንታገሥ አሉኝ። ስለዚህ እውነቱን መናገሬን ቀጠልኩ። ሴቷ ልጃቸው ፈትሂያ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እርሳቸው በአሥራ ስድስተኛው ቀን አረፉ።

፫ኛ፤ ጥቅምት ፲፪ ቀን እንደ ልማዴ ጧት ዝግ ነው ብዬ አስታወቅሁ። ያን ዕለት ግን አውሮፕላኑ አልቀረም፤ ጭጋጉ እስኪገለጥ ኮምቦልቻ ላይ በትዕግሥት ጠብቆ በአራት ሰዓት ከሩብ አረፈ። ይዞ የመጣውም እርስዎን፣ ድምፅ ማጉያዎንና የመፈክር ጨርቅዎን ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይኸው ነው። አራት ሰዓት የሚባል ሰዓት በጽሕፈት ቤትዎም እንደሚታወቅ ስላስተማሩኝ እጅ እነሣለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዚያው ቦታ ቆመው፣ ጭጋጉን የተናገረው ምናለ ነው፣ ሰዓቱን ያልለወጥኩት ግን እኔ ነኝ ይበሉልኝ። የሦስቱ ደብዳቤዎቼ ቅጂ ከማኅተምዎ ጋር በእጄ ስላለ፣ ከዚህ ወረቀት አጠገብ በገበያው በር ተለጥፏል። ያን ጓዝ የማስፈታቴን ጥፋት ግን ለማንም አላጋራም፤ እኔው ይዤው እኖራለሁ።

በአየርም በምድርም እንቅፋት እንዳይነካዎ የምመኝልዎ፣ ቃል በማመን ከእኔ የሚበልጥ ሞኝ በወሎ ያላገኙልኝ፣ የቀድሞ ታማኝ አገልጋይዎ፣

ምናለ አራጌ
መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት ለወይዘሮ ዘሊካ አነበብኩላቸው። እርሳቸው ያስጨመሩኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ተሸክሞ መቃብር የሚያደርስ አቅም ያለው ሰው ስለጠፋ፣ ሼህ ሷሊህና ፈትሂያ የተቀበሩት እዚያው ሜዳው ዳር ነው፤ በጥቅምት አውሮፕላንዎ ሲዞር ጎማው የልጅቱን ድንጋይ ጥሎታል። ሁለተኛ ሲመጡ ትንሽ ወደ ግራ እንዲሉላቸው ይለምኑዎታል።