ስለ ታፈነው ተርቦ ለግቢያችን ሊቀመንበር

ለመኖሪያ ግቢያችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ክቡር ሊቀመንበር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በተለይም ለመኪናዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የመኪናዎን ጤና ለይቼ ያነሣሁት በግቢያችን ውስጥ ዳገት መውጣት የሚችል እርሱ ብቻ ስለ ቀረ ነው። እኔ ባለቤቱ ወሯ ገብቶ ዛሬ ነገ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጁን ለመታቀፍ ሲያስብ መሬት አልረግጥ የሚለው የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪ ነኝ፤ ብዕሬም እንደ እኔው ስለሚዘል እዚህም እዚያም ቢረግጥ እንዳይታዘቡኝ እለምናለሁ።

እንደሚያውቁት ሆስፒታሉ ያለው ከፊት ለፊታችን ካለው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። መኪናዬ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዳገት ገና ከሩቅ ሲያይ ማልቀስ ይጀምራል። ባለፈው ለምርመራ ስንሄድ በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ከቀደሙን በኋላ ደግነታቸው በዝቶ ቆመው ጠበቁን። ባለቤቴ የሳቀችው ሳቅ እዚያው ሊያስወልዳት ነበር። ለዚህ ሁሉ መዝናኛ ያበቃን የእርስዎ ኮሚቴ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ «ማንኛውም መኪና ከበር እንደ ገባ ሞተሩን በቅጽበት ያጥፋ» የሚለውን መመሪያዎን በተመለከተ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ ልንገርዎ፤ የዘንድሮ መኪናዎች ተርቦ የሚባል ነገር አላቸው። ሁለት ትንንሽ ባለ ክንፍ መዘውሮች በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ተሰክተዋል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን ሲያሽከረክር፣ ሌላኛው ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳበና እየጨመቀ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ትንሽ ሞተር ትልቅ ዳገት የሚወጣው በዚህ ጉርሻ ነው። ዘንጉ የሚንሳፈፈው በቀጭን ዘይት ላይ ሲሆን፣ ዳገት ወጥቶ የጋለ ሞተር በቅጽበት ሲጠፋ የዘይቱም ዝውውር በቅጽበት ይቆማል፤ የቀረው ዘይት መጥበሻ ላይ እንደ ተረሳ ዘይት እዚያው አርሮ ይጋገራል። መድኃኒቱ እስኪበርድ ጥቂት በቀስታ እንዲሠራ መተው ብቻ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን በእርስዎ አመራር አፍሰን መልቀሙም አልሆነልን። የበሩ ጠባቂያችን፣ ሁላችንም ጋሼ ፊሽካ የምንላቸው፣ መመሪያውን የሚያስፈጽሙበትን ትጋት ግን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ፊሽካቸውን ከነፉ በኋላ ኮፋኖውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «እሳት ነው እኮ፣ አሁንም አላጠፋህም?» ይላሉ፤ የጠፋ ሞተር ወዲያው የሚቀዘቅዝ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛ፦ ጠዋት ሞተር እንደ ተነሣ ሳይውል ሳያድር መኪና ከምናቆምበት ምድር ቤት ይውጣ ስላሉን። ዘይቱ ገና ተርቦው ዘንድ ሳይደርስ ያንን እንደ ግድግዳ የቆመ መውጫ ነዳጅ ረግጠን እንድንወጣ በማድረግዎ፣ ማታ ያረረው ጠዋት ደግሞ በደረቁ እንዲፋቅ ሆኗል። ሥራ እንዳይደራረብ የማታውንና የጠዋቱን ጉዳት በመለየትዎ የአስተዳደር ችሎታዎ ይደነቃል።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ነው። ተርቦ አየር ሲስብ ቀጭን ፉጨት አለው። ጋሼ ፊሽካ ይህን ፉጨት ሰምተው፣ ባለ መኪናዎቹ በፉጨት እየተቀባበሉ እየቀለዱባቸው መስሏቸው ለኮሚቴው ከሰሱን። እርስዎም አቤቱታውን መርምረው፣ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ በእጅዎ ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ «ክፈተው እስቲ ልጄ፣ ይሄ ቀላል ነው» ብለውም ስፖንጁን በየመኪናው የአየር መሳቢያ አፍ ላይ ጠቀጠቁልን። በዕድሜ የገፋ ሰው አጎንብሶ ሲለፋ መከልከል ነውር ነውና፣ እኛም ኮፋኖ ደግፈን ይዘን ቆምን፤ እንዲያውም አንዱ ጎረቤታችን መብራት አበራልዎ። ፉጨቱ እውነትም ቆመ። ከፉጨቱ ጋር ጉልበቱም ቆመ። የታፈነው ተርቦ አየር ሲያጣ የራሱን ዘይት ይስብ ጀመር፤ መኪናዎቻችንም ሰማያዊ ጭስ ይተፉ ጀመር። ተርቦው ከእንግዲህ እንደማይድን የነገረኝ መካኒክ ስፖንጁን መዝዞ ሲያወጣ «ይሄ ደግሞ የማን ትራስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የክቡር ሊቀመንበራችን ነው ብል ማን ያምነኛል?

አራተኛ፦ ጭሱ በታየ ማግስት «ጭስ የሚያወጡ መኪናዎች የግቢውን አየር ስለሚበክሉ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል» የሚል ማስታወቂያ በፊርማዎ ስለ ለጠፉልን። አፍንጫ ይዞ ለምን አትተነፍስም ብሎ መቆጣት እንዲህ ባለ ጥሩ አማርኛ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም።

አምስተኛ፦ «ታክሲ ጥሩልኝ» እንዳልል፣ ታክሲዎቹም ከጋሼ ፊሽካ ጋር ከተጣሉ ወዲህ በበራችን አያልፉም።

ክቡር ሆይ፣ ወቀሳ ብቻ እንዳይመስልብኝ አንድ በጎ ነገርዎን ልመስክር። ማታ ሲገቡ የሬዲዮ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሳይሰሙ ሞተርዎን አያጠፉም፤ ጋሼ ፊሽካም በአክብሮት ቆመው አብረው ያዳምጣሉ። ጠዋትም መነጽርዎን እስኪወለውሉ፣ መስታወቱን እስኪያስተካክሉ፣ ባለቤትዎ የረሱትን ቦርሳ ተመልሰው እስኪያመጡ ሞተሩ በቀስታ ይሠራል። መካኒኩ ይህን ስነግረው «ሰውዬው የተርቦ ሐኪም ነው እንዴ?» አለኝ። ከራስ በላይ ነፋስ መሆኑን እናውቃለን፤ ነፋሱ የእርስዎን ተርቦ ብቻ መርጦ መግባቱ ነው ያስገረመን። በስፖንጅ ያልተባረከ መኪናም የእርስዎ ብቻ መሆኑን አማቴ አጣርታለች። እርሷ ለምርመራ የተወለደች ሴት ናት።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ለሁላችንም አንዳንድ ዜና የምንሰማበት ጊዜ ይፈቀድልን። ሬዲዮ የሌለን ዝም ብለን እንቀመጣለን። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ስቄ ስቄ ማታ ስተኛ የማስበው ያንን ዳገት ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ሆና ታየኛለች።

በመመሪያዎ ጥላ ሥር ተጠልሎ፣ በፊሽካዎ እየነቃ፣ በስፖንጅዎ ለስልሶ፣ ሞተሩ ቢጠፋበትም አክብሮቱን ያላጠፋው፣

የሦስተኛው ፎቅ አባት ሊሆን ጥቂት የቀረው ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ፊርማዬ ሳይደርቅ ግን አማቴ «ተው ወረቀቱን፣ ጀምሯታል» ብላ ከጓዳ ስለ ጮኸች፣ በበርዎ ሥር አስገብቼ በርዎን እየደበደብኩ ነው። አሁን በደረጃው ላይ የሚሰሙት ድምፅ የሞተር አይደለም፤ የባለቤቴ ነው፤ በየትኛውም መመሪያ አይጠፋም። የመኪናዎን ቁልፍ ይዘው ይውረዱ።