በብር ላይ ያረጀው ፊት

ውድ ወንድምዬ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። መርከባችሁ ከጠፋች ወዲህ አድራሻህ ባሕር ነው። ቢሆንም የደረሰብንን ነገር ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሌላ ሰው ቢሰማኝ “ልጅቷን ነካክቷታል” ነው የሚለው። አንተ ግን መጀመሪያ ትስቅብኛለህ፣ ከዚያ ዝም ብለህ ታዳምጠኛለህ።

“የሩቅ ሰማይ መርከብ”ን መቼም አትረሳውም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ቤት፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ወለሉ ላይ ተደርድረን ያየነውን ተከታታይ ፊልም። ሲያልቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ካፒቴኑን ካልሆንኩ ብሎ ይደባደባል። አንተ ግን ሁልጊዜ የሬዲዮ ሠራተኛውን ነበር የምትመርጠው፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ “ማን ይሰማኛል?” እያለ የሚጣራውን። “እሱ እኮ ምንም አይሠራም!” ብዬ ስናደድብህ፣ “ሌሎቹ ይተኩሳሉ፣ እሱ ይሰማል” አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አድገህ የጭነት መርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ስትሆን ግን ቀልድ እንዳልነበረ ገባኝ።

ከሄድክ በኋላ ስለ ቤታችን የነገረህ የለም። መርከቧ ወጥታ ከቀረች ብዙ ዓመት ሆናት። ስባሪ እንጨት እንኳን አልተገኘም። ኩባንያው ሰው ልኮ ሲያረዳን እማዬ ሰውየውን እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና “ደክሞህ መጥተሃል፣ ውሃ ጠጣ” ብላ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። “ሬሳውን ሳላይ ለልጄ አላለቅስም። እዚህ ቤት የሚያለቅስ ካለ ውጭ ወጥቶ ያልቅስ።” ማንም አላለቀሰም። አክስቴ አንድ ቀን “ጎበዝ ልጅ ነበር” ብላ ስምህን ስታነሣ፣ “ነበር” በማለቷ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ተኳርፈዋል። እማዬ ሸሚዞችህን በየሳምንቱ ትተኩሳለች፤ ለባሽ ሳይኖራቸው በካውያ ብቻ አንገታቸው ሳስቷል። ወንበርህ ላይ እንግዳ አይቀመጥም። እውነቴን ነው የምልህ፣ ሳትኖር የቤቱ አባወራ አንተ ነበርክ። አንዳንዴ እናደድብህ ነበር፤ ይሄንንም ዛሬ ነው የምነግርህ። በእኔ ፊት የሚወራው ስላንተ፣ የሚጠበቀው አንተ። እኔ በየቀኑ በዚያው በር እገባለሁ፣ እማዬ ግን በሩ ሲንኳኳ ቀና የምትለው ላንተ ነው።

የእኔ ሥራ ሳንቲም መቅረጽ ነው። ለገበያ የሚውለውን አይደለም፤ ሰዎች ገዝተው በሣጥን የሚያስቀምጡትን የመታሰቢያ ሳንቲም። ከሳህን የሰፋ የጄሶ ክብ ላይ ምስሉን በእጄ አወጣለሁ። ማሽኑ ያንን አሳንሶ ብረት ላይ ይቀርጸዋል፣ ብረቱ ደግሞ ብሩን ይመታል። ባለፈው ዓመት የመጣልን ትእዛዝ ምን ይሁን? የዚያው የሩቅ ሰማይ መርከብ! የፊልሙን የመታሰቢያ በዓል ምክንያት በማድረግ የመርከቧና የሠራተኞቿ ምስል ያለበት የንጹህ ብር ሳንቲም ይሠራ ተባለ። ሥራው ሲከፋፈል ካፒቴኑ ለሌላ ሰው ደረሰ። ለእኔ የሬዲዮ ሠራተኛው።

ፎቶዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌ ሠራሁት። ተዋናዩ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነው፤ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ግንባሩ ላይ አንድ መስመር የሌለበት። ጄሶው ትልቅ ስለሆነ ስትሠራ ሰውየውን አታይም፤ ዛሬ ቅንድብ፣ ነገ የከንፈር ጥግ ነው። ሥራው አስቸኳይ ስለነበር አለቃዬም በቁሙ አየት አድርጎ አሳለፈው። ይሄ ሰው በልኬት ጉዳይ ምሕረት ስለማያውቅ “ሚዛን” ነው የምንለው፤ ያንን ቀን ምን እንደጋረደው እሱም እስከዛሬ ይገርመዋል።

የሙከራው ሳንቲም ተመትቶ ሲወጣ ሚዛን በመዳፉ ይዞት መጣ።

“አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?”

“የሬዲዮ ሠራተኛው ነዋ።”

“የሬዲዮ ሠራተኛው ጎረምሳ ነው! ይሄ እኮ አርባ ያለፈው ሰው ነው። ደግሞ አፍንጫውን ከየት አመጣሽው?”

ተቀብዬ አየሁት። ወንድምዬ፣ አንተ ነበርክ። የተሰበረችው የአፍንጫህ አጥንት፣ ከግራ በኩል ከፍ የምትለው ቅንድብህ። ግን ወደብ ላይ የተሰናበትኩት ልጅ አልነበርክም። ከጆሮህ በላይ ፀጉርህ ሸሽቷል። ዓይንህ ሥር ከረጢት አለ። ጉንጭህ ገባ ብሏል። በአፍህ ጥግ ያለችው መስመር የአባባ ናት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ የግንባርህን ሽብሽብ ግን ከየት አመጣሁት? እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም። የሆነ ቦታ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረህ ያረጀህ ያህል፣ ብሩ ውስጥ ተቀምጠህ ታየኛለህ።

“አመመሽ እንዴ?” አለ ሚዛን።

“ወንድሜ ነው” አልኩት። “የጠፋው።”

 “ምስሉን እንደ አዲስ ሥሪው” አለኝ ሚዛን፤ ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም። “ይሄኛው ወደ ማቅለጫ ነው የሚመለሰው። ሰኞ አምጪው።” ሕጉን ጥሶ ከግቢ እንዳወጣው ፈቀደልኝ ማለት ነው።

በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡስ ላይ ሰው እንደሚያየኝ ሆኖ ተሰምቶኝ ሁለቴ ዞርኩ። ቤት ገብቼም መሳቢያ ውስጥ ቆልፌው ለመሳቢያው ጀርባ ሰጥቼ መቀመጥ አቃተኝ። ለእማዬ ላሳያት አልፈለግሁም። “አላልኳችሁም? ይሄው በሕይወት አለ!” ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ካየች ደግሞ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ በር በሩን እያየች መቅረቷ ነው። ግን ይሄንን ፊት ብቻዬን መሸከምም አልቻልኩም።

እሑድ ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሸሚዝህን ስታጥፍ መሐረቡን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

“ምንድነው?”

“እይው፣ እማዬ።”

መነጽሯን አደረገች። ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ አየችው። በአውራ ጣቷ ቅንድብህን፣ አፍንጫህን፣ ከዚያ ቀስ ብላ የግንባርህን መስመሮች ዳሰሰች። እኔ “አለ!” እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው።

“አይ” አለች።

“ምን አይ?”

“ይሄ የኔ ልጅ አይደለም። አፍንጫው የሱ ነው፣ ሁሉ ነገሩ የሱ ነው። ግን የኔ ልጅ...” አውራ ጣቷ ግንባርህ ላይ ቆመ። “የኔ ልጅ እዚህ አልደረሰም።”

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። ፊቷን አይቼ አወቅሁ። ሸሚዙን አፏ ላይ ያዘችና ጮኸች፣ ወንድምዬ። እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ከእናታችን ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጎንብሼ ያዝኳት። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አክስቴ የቤት ጫማ እንዳደረገች እየሮጠች መጣች። ወንበር ጠፍቶ ሰዎች ያንተ ወንበር ላይም ተቀመጡ፣ እማዬም ምንም አላለች። ስምህን እየጠራን አለቀስንልህ። እኔም አለቀስኩ፤ ውጭ አልወጣሁም።

ሰኞ ማለዳ “አብሬሽ እሄዳለሁ” አለችኝ። “ይቅለጥ። ያልኖረውን ዕድሜ ፊቱ ላይ ይዞ ሰው እጅ ላይ አይንከራተት።” ዘበኛው እንግዳ ስለማያስገባ የግቢው በር ላይ ቆየች።

የማቅለጫው ሠራተኛ ዓይን የሚከልለውን ጥቁር መስታወት ሰጠኝና በምድጃው ጠባብ ቀዳዳ እንዳይ ፈቀደልኝ። ሳንቲሙ ከቁርጥራጭ ብር በላይ፣ ፊትህ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። መጀመሪያ ቀላ። ቀጥሎ ላዩ መለስለስ ሲጀምር ቀድመው የጠፉት ሽብሽቦቹ ናቸው። ግንባርህ ጠራ። ከዓይንህ ሥር ያለው ከረጢት ተስተካከለ፣ ጉንጭህ ሞላ። ለአፍታ፣ ዓይኔን ለመጨፈን እንኳን በማትበቃ አፍታ፣ ሻንጣህን ትከሻህ ላይ ጥለህ የተለየኸኝ ልጅ ሆንክ። ከዚያ አፍንጫህም ተኛ፣ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ብቻ ቀረ።

ስወጣ እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

“ቶሎ ነው ያለቀው?” አለችኝ።

ስለ ብሩ እንዳልጠየቀችኝ ገባኝ።

“ቶሎ ነው፣ እማዬ። ምንም አልቆየም።”

ራሷን ነቀነቀች፣ ክንዴን ያዘች፣ ወደ አውቶቡሱ ሄድን።

ተዋናዩን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ሚዛን “አሁን ገና ሰውየውን መሰለ” አለ። ያ ብር ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ተመትቷል፣ በሣጥን ታሽጎ ወደማላውቃቸው አገሮች ሄዷል። የትኛው ውስጥ እንዳለህ አይታወቅም። እማዬ ደህና ናት፤ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ አንዳንዴም ስላንተ እያወራች ትስቃለች።

የቀረሁት እኔ ነኝ። እሷ ያንን ፊት ልጄ አይደለም ብላ ተገላገለች፤ እኔ ግን የሠራሁት በእጄ ነውና እንዲህ ማለት አልቻልኩም። ገበያ መሀል፣ አውቶቡስ መስኮት ላይ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ አፍንጫው የተሰበረ ሰው ዓይኔ ይፈልጋል። ይሄን ቃል እገባልሃለሁ፤ አንድ ቀን ባየው አልጠራውም። ቆሜ፣ ያንን ዕድሜ ይኑረው ብዬ መንገዱን እለቅለታለሁ።

ባለህበት ሰላም እደር፣ ወንድምዬ።

ታናሽ እህትህ