የእረፍት የቤት ሥራዬ

ነሐሴ 12 ቀን፣ እሁድ ጠዋት
ከሳሎናችን

የቤቴ ርእሰ መምህር፣ ባለቤቴ ሆይ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አራሷ ልጃችንስ በረታች? ያ ፊተ ቀዩ የልጅ ልጃችንስ ሰው ማስተኛት ጀመረ ወይስ አሁንም ሌሊቱን ቀን አድርጎባችኋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ቤቱም እንደቆመ ነው። አንድ ብርጭቆና የሻይ ማፍያው እጀታ ተሰብረዋል፤ ሌላው ሁሉ አንቺ እንዳስቀመጥሽው ነው፤ ማለትም የት እንዳለ አላውቅም።

እረፍቱ እንዴት ይዞሃል ብለሽ ነበር። ምን ልበልሽ፣ አስተማሪ ማረፍ አያውቅበትም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ማግስት በደወሉ ሰዓት ተነስቼ፣ ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ጠመኔ ኪሴ ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ከለበስኩ አይቀር ብዬ እስከ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው በፍርግርጉ አየት አደረገኝና፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተኝቷል፣ እርስዎም ሄደው ይተኙ አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ብንን።

ግን እረፍት የነሳኝ እሱ አይደለም። አውቶቡሱ ላይ ስትወጪ የተናገርሽው ነው። አንድ እግርሽ መወጣጫው ላይ ነበር፤ ቦርሳሽን ሳቀብልሽ «ቲኬቱን የት አደረግሽው?» አልኩሽ። ቲኬቱን የቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ የከተትኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ያኔ ዞር ብለሽ እንዲህ አልሽኝ፦

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ ኖርክ። መልሱን የማታውቀውን ነገር ግን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

እየሳቅሽ ነው ያልሽው። በሩ ሲዘጋ ግን ሳቁ ፊትሽ ላይ ይቆይ አይቆይ አላየሁም።

ቤት እስክደርስ በሆዴ ስሟገትሽ ነበር። ካልሲዬ የት አለ ብዬ በየጠዋቱ አልጠይቅሽም እንዴ? እሱን መቼም ከልቤ ነው የማላውቀው! ግን ካልሲ ብቻውን ምን ምስክር ይሆናል። ሌላ ብፈልግ አጣሁ። ጨው አልበዛም? የምልሽ እንደበዛ አውቄ ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? የምልሽ የልጃችንን ልደት አለመርሳትሽን ለማረጋገጥ ነው። እሺ፣ ተረታሁ፤ ይሄ የእረፍት የቤት ሥራዬ ይሁን፣ እስክትመለሺ ድረስ ሰው መጠየቅ ልማር አልኩ።

መመለስሽንማ ያኔ ማን ተጠራጥሮ። ጥቂት ቆይቶ ነው ልጃችን የደወለችው። እማዬ እዚሁ ትቆይልኝ፣ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ አትሂድብኝ አለች። አንቺ ምን እንዳልሽ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ በዚያ በአስተማሪ ድምፄ «በደንብ ይታሰብበት» ብዬ ዘጋሁት። ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ወር እንኳን አልቀረውም፤ አንቺ መምጣትሽን ደግሞ አላውቅም። የቤት ሥራው የምር የሆነብኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ የተለማመድኩት በፀጉር አስተካካዩ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ከልቤ የማላውቀውን ፈልጌ፣ መቀስ እንዴት ነው የሚሳለው ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ደስ አለው። ስለ መቀሱ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ይህን ሙያ ስላስተማሩት አጎቱ ሳይቀር ተረከልኝ። በጥሞና ሰማሁት። ሲጨርስ ግን አመል አይለቅም፣ «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» አልኩት። መቀሱን እንደያዘ ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። መምህር፣ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት አለኝ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ የነበረው፣ የድሮ ተማሪዬ ኖሯል፤ እሱ ሳይታወቀው ቁጭ አለ። ኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ተማሪው ዛሬም «ቀይ እስክሪብቶ» ነው የሚልዎት አለኝ። አንቺ ይህን ስም ታውቂው ነበር? አየሽ፣ ይሄ ጥያቄ ነው፤ መልሱን አላውቀውም። እየተሻለኝ ነው።

ከዚያ የመጋረጃው ነገር መጣ። ከማን አንሼ፣ ቤቱን አጥቤ ልጠብቅሽ ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁና የሳሎኑን ሰማያዊ መጋረጃ ላወርድ ስንጠራራ ሁለት ነገር ባንዴ ተተረተረ፤ የመጋረጃው ጠርዝና የሱሪዬ መቀመጫ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ለእኔ ነው። ሌላ ሱሪ ለውጬ ሁለቱንም ጠቅልዬ ከፊት ለፊታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ይዤ ሄድኩ። ሱሪውን አየችና ሳቀች። መጋረጃውን ስትዘረጋው ግን ቆጣ አለች።

«ይቺን የእጇን ሥራ ምን አደረጓት?»

የማን እጅ እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር። ነገረችኝ። እኔ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሳርም አንቺ እዚያ እየሄድሽ በሁለተኛው የስፌት መኪና ትሰፊ ኖሯል። መጋረጃውም፣ የወንበሮቹ ልብስም፣ ልጃችን ሙሽራ ስትሆን እህቶችሽ የለበሱትም ያንቺ እጅ ነው። እኔ ደግሞ መጋረጃው የተሰቀለ ዕለት ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? «የፋብሪካ ሥራ ያስታውቃል፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው» አልኩሽ። አንቺ ሻይ ቀዳሽልኝ። ጉድ እኮ ነሽ!

«ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ። አስቤበት አይደለም፣ አመለጠኝ።

«ከሰዓት በኋላ የት ዋልሽ ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነው። እኔ ግን የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ወለሉን ወለሉን ሳይ ነበር።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የት እንደማሳልፍ ልንገርሽ? እዚያው ነኝ። አስተምሪኝ ብያት እሺ አለች። ያንቺ መኪና ላይ ነው ያስቀመጠችኝ። መኪናው እኔን እንደማይወደኝ ከመጀመሪያው ቀን አሳወቀኝ፤ ክሩን ይበጥሳል፣ መርፌውን ይሰብራል፣ ወደፊት ስለው ወደኋላ ይሄዳል። ለልጁ ትንሽ የትራስ ልብስ ልስፋ ብዬ ተነሳሁ። ጨርሼ በኩራት አቀረብኩላት፤ ስንት ከመቶ ትሰጪኛለሽ አልኳት። አገላበጠችው። አራቱንም ጎን ዘግቼው ኖሯል፤ ትራሱ የሚገባበት የለም። ከደረት ኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣችና ጨርቁ ላይ «ይደገም» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ለሰው ልጅ ስንቱን ዓመት ስጽፍ የኖርኩት ቃል ለካ ይሄን ያህል ያማል። ግን ደገምኩት። ሁለተኛው መግቢያ አለው። ስፌቱ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ቢሄድም ልጁ ገና አይነቅፍምና ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ቀና ሲባል በመስኮቱ የእኛ ሳሎን ይታያል፤ እኔ የማርምበት ጠረጴዛ ቁልጭ ብሎ። ያን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን እያየሽ ትሰፊ ነበር ማለት ነው። እያየሽኝ ምን ትዪ ነበር? ትስቂብኝ ነበር? ይሰለችሽ ነበር? ሰማያዊውን ቀለምስ ለምን መረጥሽ? ሻይሽ ላይ ስኳር የምታደርጊው ወደሽ ነው ወይስ እኔ ስለጨመርኩልሽ? እንደው ስንቱን ነው ሳልጠይቅሽ የኖርኩት፤ ሆዴ ሙሉ ጥያቄ ሆኗል፣ ደስም ይለኛል። ናፍቀሽኛል። ይሄን እንኳን መልሱን አውቀዋለሁ።

መጋረጃው ተጠግኖ ቦታው ተሰቅሏል፤ የጠገነችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ እኔ አልነካሁትም። ትምህርት ቤት ሲከፈት በየዓመቱ በር ላይ ኮሌታዬን ታስተካክዪልኝ ነበር፤ ዘንድሮም ታደርጊዋለሽ ብዬ ሳልጠይቅ ልደመድም እችል ነበር። አልደመድምም። ልጃችን ትፈልግሻለች፣ አንቺም ከሕፃኑ መለየት ሊከብድሽ ይችላል፤ ብትቆዪ አልቀየምሽም፣ እጠብቅሻለሁ። ግን አንቺ ራስሽ ምን እንደምትፈልጊ አላውቅም። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፦

ትመጫለሽ?

ቀዩን እስክሪብቶ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት ታድርግበት። ማረሚያ የለኝም፤ የጻፍሽልኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ለሕፃኑ ደህና እንቅልፍ፣ ለእናቱ ጉልበት፣ ለአንቺም ጤናና የልብሽን እንዲሰጥልኝ አምላክን ጠዋት ማታ እለምናለሁ። ሁለቱንም ሳሚልኝ። አንቺን የሚስምልኝ ባገኝ ደስ ባለኝ።

ያለ ቀይ እስክሪብቶ የቀረው ባልሽ

ልረሳው ነበር፦ ካልሲዎቼን ራሴ ፈልጌ አግኝቻቸዋለሁ። ለእነሱ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ።