ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

ሎግያ፣ መናኸሪያው አጠገብ
ሰኞ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1999 ዓ.ም.
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ውድ ደግነት፣

ይህን ደብዳቤ ቤት ቁጭ ብለህ እንዳታነበው። መጀመሪያ ኩኩን ይዘህ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ድንጋያማ ኮረብታ ውጣ፤ ከዚያ ሆነህ አንብበው። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ የሚባለውን ዛሬ ዝለልልኝ። ደህና አይደለሁም። ጎርፍ እየመጣባችሁ ነው፤ እስካሁን ያልተነገራችሁ ደግሞ እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ስላፈነው ነው።

ነገ ጎህ ሳይቀድ ልጅቷን ወንዝ እንዳታወርዳት። ስለምን እንደማወራ ታውቃለህ። ጳጉሜ በገባ ቁጥር ወፍ ሳይንጫጫ ወንዝ ወርዶ መጠመቅ ከእናትህ የያዝከው ነው፤ ለጤና ረዳትነት አፋምቦ ከተመደብክ ወዲህ ደግሞ አዋሽን የአገርህ ወንዝ አድርገኸዋል። ኩኩም አዲስ ዓመትን ካንተ ጋር ልታሳልፍ ስትመጣ፣ «አባዬ በጳጉሜ ይነክረኛል» እያለች መኪናው ውስጥ ስትዘል ነበር። ፎጣዋን አጣጥፌ ያሸከምኳት እኔ ነኝ። 

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ «እስኪ ላስብበት» ሳትል ከወንበር የማትነሳ ሰው ነህ። አምና ጎርፉ ያን ሁሉ ከብት ከወሰደ በኋላ መሥሪያ ቤታችን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ፕሮግራም ሥሪ አለኝ፤ ሠራሁ። ሥራው ቀላል ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ድልድዩ ሥር፣ ጥጋቡ የሚባል ሰው ጠዋትና ማታ የውሃውን ከፍታ አይቶ ይደውላል። የእኛዋ ተስፋነሽ ስልኩን ትከሻዋ ላይ ደግፋ ቁጥሩን እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ስክሪኑ አረንጓዴ ካሳየ ሰላም ነው፤ ቀይ ካሳየ ለእናንተ ወረዳዎች በሬዲዮ ይነገራል። ውሃው በረሃውን አቋርጦ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ቀናት ስለሚፈጅበት ሰው ልጁንም ግመሉንም ለማሸሽ ጊዜ ያገኛል። ለዚህ ነበር የሠራሁት።

መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ ይጮህ ነበር። ተስፋነሽ ቁጥር አሳስታ ስትጽፍ ቀይ መስቀል ያለበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሳጥን ዘሎ ይወጣል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው አለቃችን አቶ ኃይለ ልዑል ሲያስጎበኙ፣ ሳጥኑ ሁለቴ ዘሎ ወጣባቸው። እንግዶቹ እንደሄዱ ጠሩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኤረር የምትሉት ነገር ሰው ፊት አዋረደን። ዝም አስብይው» አሉኝ። ዝም አስባልኩት። አንዲት መስመር ናት የጨመርኩት፤ በእኛ ቋንቋ ስትተረጎም፣ «ስህተት ሲገጥምህ ምንም ሳትናገር እለፍ» ማለት ናት። የፕሮግራም ሰው ሁሉ እንዲህ አይደረግም ይላል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ሰላም አገኘሁ፣ እሳቸውም አመሰገኑኝ።

ነሐሴን በሙሉ ደግሞ ስጨነቅ የከረምኩት ስለ ሚሌኒየሙ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በሁለት አኃዝ ብቻ ስለያዝኩት መስከረም አንድ ቀን ዘጠና ዘጠኙ ወደ ዜሮ ዜሮ ሲዞር ምን ይውጠኛል ብዬ። ዛሬ ጠዋት ማስተካከያውን ልጭን ተቀመጥኩና ቁጥሩ ዓይኔን ያዘው። ውሃው ከነሐሴ ሠላሳ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

«ተስፌ፣ ጥጋቡ አልደወለም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጠዋት ማታ ይደውላል! አስገብቻለሁ። አረንጓዴ ነው እኮ ራኪ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

በክረምት ወንዝ አንድ ቦታ ተገትሮ ይቆማል? ግን ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የማያስፈራውን ነው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መጥቶ ይሆናል ብዬ አስፈተሽኩ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ በዚያ ሙቀት ጨለማ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ሲመጣ እኔው ክፍል ያለው ቅጂ ላይ የነሐሴን ቀን አስገብቼ ሞከርኩ፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። የተስፋነሽ ላይ የዛሬውን ሳስገባ ይውጠውና ዝም ይላል። ያኔ ያቺን ዝም አስባይ መስመር አወጣኋትና፣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆምኩ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደያዘ እያየሁ አስኬድኩት። ቀኑ ጋ ሲደርስ ሳጥኑ ዘሎ ወጣ። ዓሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር የለም አለኝ።

ወይኔ ደግነት! የቀኑን ክፍል ዝግጁ ሆኖ ካገኘሁት ከሌላ ፕሮግራም ነበር የወሰድኩት፤ የፈረንጅ ነው፣ ዓመቱን ዓሥራ ሁለት ወር አድርጎ ነው የሚያውቀው። እኔ የወሮቹን ስም በአማርኛ ለወጥኩና በቃኝ አልኩ። ፕሮግራሙን የጨረስኩት በኅዳር ስለሆነ ጳጉሜ ገጥሞት አያውቅም። ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ «የዓሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል፤ ዓመት ሙሉ ሥሩ ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ። ጳጉሜን የረሳች ሐበሻ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጥጋቡ የተናገረውን ሁሉ ፕሮግራሙ እየጣለ የነሐሴ ሠላሳን አረንጓዴ ሲያሳየን ሰነበተ።

አዋሽ ደወልኩ። ጥጋቡ ገና ድምፄን ሲሰማ ተቆጣ። «እመቤት፣ ከሐሙስ ጀምሮ እየነገርኳችሁ አይደል? ቀዩን ምልክት ከዋጠው ሰነበተ። ዛሬማ መለኪያው ራሱ አይታየኝም! እናንተ ዝም ስትሉ አውቃችሁ ሥራ የጀመራችሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ዕለት እሱ ያየው ውሃ አሁን የት እንደደረሰ አላውቅም። በስሌቴ ዛሬ ማታ ወይም ነገ ጎህ ሲቀድ እናንተ ጋ ነው፤ ስሌቴን ግን ዛሬ እኔም አላምነውም።

ሮጬ አቶ ኃይለ ልዑል ቢሮ ገባሁ። እናንተ ጋ ስልክ ስለሌለ የሚደርሳችሁ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ የሬዲዮ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው። ሰምተውኝ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ነው ብዬ ለበላይ አሳውቄያለሁ። ዛሬ አይ ተሳስቻለሁ ልበል? የሚሌኒየም ዋዜማ ላይ ሕዝብ ላሸብር?»

«ጋሼ፣ ሰው ያልቃል እኮ!»

«ፕሮግራሙን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ትናንት ከተሳሳትሽ ዛሬም ልትሳሳቺ ትችያለሽ። ሰው ልኬ እስካጣራ ጠብቂ።»

በሩን ዘግቼ ወጣሁና ሎግያ መናኸሪያ መጣሁ። ወደ አፋምቦ የሚሄድ መኪና ያገኘሁት የናስርን አይሱዙ ብቻ ነው፤ ዱቄት ጭኖ እስኪጨርስ ነው ይህን የምጽፍልህ። «አብሽሪ እህቴ፣ መንገዱ ካልተቆረጠ ኢንሻአላህ ለመግሪብ እደርሳለሁ» ብሎኛል። መንገዱ ካልተቆረጠ የሚለውን ባይጨምር ምናለ።

ጥላው ሥር አፋሮች ዳጉ ተቀምጠው ነበር። አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ፤ መንገደኛ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፣ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል፣ የዋሸ ሰው ዳግመኛ ጆሮ አያገኝም። ሄድኩና ቆምኩ። የሴት ነገር፣ ያውም የቢሮ ሴት፣ ማን ይሰማኛል ብዬ ነበር። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ፣ «ያየሽውን ነው የሰማሽውን?» አሉኝ።

«የሰማሁትን ነው። ካየ ሰው ነው የሰማሁት።»

«ያየው ማነው?»

«ጥጋቡ ይባላል። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ድልድዩ ሥር ነው ያየው።»

«አንቺስ ማን ነሽ?»

ስሜን ነገርኳቸው። ሥራዬንም፣ ፕሮግራሙ የእኔ መሆኑንም፣ እስካሁን ዝም ያልነው በእኔ ጥፋት መሆኑንም። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ሁለት ወጣቶችም ተነስተው በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። የቢሮው ማኅተም እስኪመታ ይህ ወሬ ግማሽ መንገድ ይሄዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ጎረቤታችሁን ሰኢዳን ቶሎ ንገራት፤ እሷ ከነገረች ወንዝ ዳር ያሉት ሁሉ ያምናሉ። ጤና ጣቢያ የተኙ በሽተኞች ካሉህም አስወጣቸው፤ መድኃኒቱን ተወው፣ ይተካል።

ለምን ራስሽ አልመጣሽም ትለኝ ይሆናል። ናስር ቦታ አለኝ ብሎኛል፤ አንዱን እግሬን አንስቼም ነበር። ግን ማታ ጥጋቡ ሲደውል ቁጥሩን የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፣ ቁልፉ እስኪሰጠኝም አለቃዬ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቢገፉኝም አልነሳም። ከእናንተ በታችም ሰው አለ። ይህን ስጽፍ ልቤ እዚያ መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው ያለው። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም ደግነት፤ ኩኩን ስወልድ እንኳ አንተ በሩ ላይ ነበርክ።

እግዜር ብሎ ውሃው በመንገድ ቢቀር፣ በዳጉ ስሜ ቢጠፋ፣ ጎርፍ ያለችዋ ውሸታም ብሎ ሕፃን አዋቂው ቢስቅብኝ፣ ከሥራም ብባረር፣ እንደዚያ ቀን የምደሰትበት ቀን አይኖርም። አንተም መጥተህ ሳቅብኝ። ስትስቅ ከሰማሁህ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ናስር ሞተር አስነሳ። ለኩኩ እናትሽ ኮረብታው ላይ አዲስ ዓመት አክብሩ ብላለች በላት፤ እንዳትፈራ። ፍርሃቱ ለእኔ ይበቃል። አንተም ዕቃ ልሰብስብ ስትል እንዳትዘገይ። በሐምሌ የላክሁልህን የፍቺ ወረቀት ፍለጋም ሳጥን እንዳትከፍት፤ ፈርመኸው እንደሆነም እዚያው ተወው፣ ውሃ ይውሰደው። ልጅቷን ያዝና ውጣ። ራስህንም ይዘህ ውጣ። እኔ የምፈልገው ሁለታችሁንም ነው።

የጳጉሜው ሩፋኤል በክንፉ ይከልላችሁ። ፈጣሪ በደረቅ መሬት ላይ ያገናኘን።

ሚስትህ ራኬብ