ልጃችንን ሁለት ጊዜ ለሸጡት ክቡር ፕሬዚዳንት

ይድረስ ለክቡር አቶ መዝገቡ፣ የቀራንዮ ፍሬ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? ጤንነትዎን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ከአንዱ መድረክ ወርዶ ወደ ሌላው መውጣት፣ ሪባን መቁረጥ፣ በየቴሌቪዥኑ ስለ "ራዕይ" መናገር ሰውነት ያደክማል። ደግሞም ክለባችን ውስጥ እስካሁን ያልተሸጠ ነገር ቢኖር የእርስዎ ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ የተቀመጠበት ሰው ደኅንነት ሊያሳስበን ይገባል።

በየዓመቱ በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ ብንገናኝም በየዓመቱ "ማን ነበርሽ?" ስለሚሉኝ፣ ዘንድሮም ራሴን ላስተዋውቅ። ዋጋነሽ ወልደሰንበት እባላለሁ። እባክዎ ስሜን ሲያዩ ለዝውውር ኃላፊዎ እንዳይደውሉ፤ አባቴ ያወጣልኝ ስም እንጂ የሽያጭ ማስታወቂያ አይደለም። አየር ጤና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለኝ። አባቴ ከቦንጋ ኮረሪማና ማር ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ እሑድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ እጄን ይዞ በቀጥታ ወደ ኳስ ሜዳ ይወስደኛል። ሽማግሌዎቹ "ወንድም ወልደሰንበት፣ ሴት ልጅ ይዘህ ኳስ ሜዳ?" ሲሉት፣ "እዚያም እኮ ስጸልይ ነው የምውለው፤ ተከላካዮቻችንን ብታዩ እናንተም ትጸልዩ ነበር" ይላቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ከጽሕፈት ቤትዎ ለደረሰኝ ትእዛዝ መልስ ለመስጠት ነው። ክለቡ "ያፈራናቸው" የሚል የትዝታ በዓል ማዘጋጀቱን፣ ቀደም ሲል የሸጣቸውን ልጆች በዚያ ቀን እንደሚያወድስ፣ ከሁሉም በላይ ለቀዳማዊ ቢቂላ እናት ለወይዘሮ ጫልቱ እርስዎ ራስዎ በመድረክ ላይ ጋቢ እንደሚያለብሷት ሰማሁ። እኔም የደጋፊዎች ተወካይና የጫልቱ ጎረቤት ስለሆንኩ አግባብቼ እንዳመጣት ተነግሮኛል። መልሱን ለብቻዎ ልንገርዎ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ለብቻ የተነገረዎትን ነገር ምን እንደሚያደርጉት ስለማውቅ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው መልኩ መጻፍን መረጥኩ።

ስለ ትዝታ ከሆነ፣ ክቡርነትዎ፣ የቀራንዮ ፍሬን ደጋፊ የሚስተካከል የለም። የሌላው ክለብ ደጋፊ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ስለ ዋንጫ ያወራል፤ እኛ ታክሲ ተራው አጠገብ ተሰብስበን የምናወራው ስለ ሄዱት ነው። አንዱ "ሶሊን የሸጡት ዓመት…" ብሎ ይጀምራል። ሌላው "ሶሊስ ይቅር፣ ጀማልን ምን ነክቷቸው ነው?" ይላል። እንዲህ እያልን በወሬ የማይሸነፍ ቡድን አሰልፈን፣ ሻያችንን ጨርሰን፣ ዛሬ ወደተሸነፈው ቡድናችን እንመለሳለን። ለዚህ ሁሉ ጨዋታ ርእስ የሰጡን እርስዎ ነዎትና ምስጋናችን ይድረስዎ። ሆኖም በበዓሉ ላይ የሚነበበው ታሪክ እንዳይጎድል፣ አንዳንዱን በቅደም ተከተል ላስታውስዎ።

አንደኛ፣ ጀማል። የሳንሱሲው ልጅ፣ በረኛችን። ለዋንጫ ጨዋታ በምንዘጋጅበት ሳምንት ሸጡት። ጓንቱን በፌስታል ይዞ ሲወጣ በር ላይ ቆመን አይተነዋል። ተሰብስበን ብንጠይቅዎ "በረኛ እንደሆነ የትም ይገኛል" አሉን። እውነትዎን ነው፤ በረኛ በባንኩ ደጃፍ አለ፣ በሆቴሉ ደጃፍ አለ፣ በእርስዎም ግቢ አለ። የጠፋው እኛ ጎል ላይ ብቻ ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት ሰዎች እስከ ዛሬ ስምዎን በመልካም ያነሣሉ፤ ይህም ለክለባችን ትልቅ ዝና ነው።

ሁለተኛ፣ ቀዳማዊ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድረዝም ይፍቀዱልኝ።

ቀዳማዊ ቤቴል ያደገ ልጅ ነው። አባቱ ቢቂላ በልጅነቱ ስለሞቱበት ጫልቱ በቁርስ ቤቷ ጨጨብሳና ፉል እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችው። ጓደኛዬ ስለሆነች እኔ አንቱ አልላትም፤ እርስዎ እሷን የሚጠሩበትን "አንቺ" ግን ከእኔው ጋር እንዳያመሳስሉት። ልጇ ከታዳጊ ቡድናችን ወጥቶ በዋናው ቡድን መሰለፍ ሲጀምር፣ ጫልቱ ስታዲየም ከጎኔ ትቀመጥና ኳሷ እግሩ ሥር በገባች ቁጥር ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። "አለፈ?" ትለኛለች። "አለፈ" እላታለሁ። "ሌላኛውንስ?" "እሱንም።" ያን ጊዜ ነጠላዋን ገልጣ እልል ትላለች። የግራ እግሩ እንዲህ ነበረ፤ እናቱ ሳታየው እንኳ የምትኮራበት።

ከዚያ ገዢ መጣ። የገዛውን ክለብ ስም አልጠራም፤ የገዛ ሰው ምን ጥፋት አለው? ጫልቱን ቢሮዎ አስጠሯት። የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ነበር የሄደችው። ሻይ አስቀረቡላትና፣ "ልጅሽ መሄድ ፈልጓል፤ አንቺን ላለማስቀየም መናገር አፍሮ ነው። እናት ከሆንሽ እንቅፋት አትሁኚበት" አሏት። እሷም ኩምሽሽ ብላ "እሱ ከፈለገ እኔ ማን ነኝ?" አለችዎት። በዚያው ቀን ልጁን ከልምምድ ጠርተው መኪናዎ ውስጥ አስገቡትና፣ "እናትህ ተስማምተዋል። ደክሟቸዋል፤ ማረፍ ይፈልጋሉ። አንተ እምቢ ብትል ሸክሙ የእሳቸው ነው" አሉት። ለልጁ ሲያወሩ እናቱን አንቱ ማለትዎ አስደንቆኛል፤ ጨዋነት ሲያስፈልግዎ እንደማያጡ ያሳያል። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ሄደ። ጫልቱ ለመንገዱ ስንቅ ጭኮ ቋጥራ ሰጠችው፤ እሱም ሳያያት ተቀበላት። መናኸሪያ ድረስ አብሬ ሸኝቼው ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናትና ልጅ እንደ ባዕድ ነበር የተሰነባበቱት። ከዚያ በኋላ ሲደውል ስልኩ አጭር ነው። "ደኅና ነሽ?" "ደኅና ነኝ።" ያበቃል። ስታዲየም መምጣቱንም ተወችው። "ነይ እንጂ" ስላት "መሄድ ያማረው ልጅ ሄደ፤ እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?" ትለኛለች። እኔም፣ ሞኟ፣ ከእሷ ጋር ሆኜ ልጁን አማሁት። ክለባችን ኑሮ ሲወደድበት ልጅ ይሸጣል፣ ልጅ ደግሞ ክንፍ ሲያወጣ እናቱን ይረሳል ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

አንድ ቀን ከዚያ ክለብ ተደወለ። ቀዳማዊ ጉልበቱ ተሰብሮ ሆስፒታል ገብቷል። እኔና ጫልቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን። ስንደርስ ልጁ እግሩን በጀሶ ታስሮ ተኝቷል። ጫልቱ አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት፣ ትራሱን ከፍ አደረገችለት፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን ራስህ አልነገርከኝም?" አለችው።

"ምኑን?"

"መሄድ እንደፈለግህ። ከሰው አፍ ነው የሰማሁት።"

ልጁ ከትራሱ ቀና አለ። "እማ፣ እኔ መች መሄድ ፈለግሁ? አንቺ አይደለሽ የፈቀድሽው? ደክሞኛል ብለሽ።"

"እኔ? ለማን ነው እንዲህ ያልኩት?"

"ለአቶ መዝገቡ።"

ክቡርነትዎ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ስምዎ እንዲህ ተጠራ። ጎን ያለው በሽተኛ እንኳ የሚያዳምጠውን ሬዲዮ ዘጋ። መጀመሪያ ጫልቱ ሳቀች፤ ያ ሳቅ ቀስ እያለ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ከዚያ የልጇን ጭንቅላት እቅፍ አድርጋ "እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር" አለችው። እሱም "እኔም ያባረርሽኝ መስሎኝ ነበር" አላት። እኔ የሾርባውን ፔርሙስ እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ተጫዋች መሸጥ ያለ ነገር ነው፤ ይሄ የገባን ሰዎች ነን። እናትና ልጅን በሐሰት አቆራርጦ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ መሸጥ ግን የእርስዎ ፈጠራ ስለሆነ፣ በበዓሉ ቀን እንደ ክለቡ ቅርስ ሊመዘገብልዎ ይገባል።

ሦስተኛ። ጉልበቱ ዳነ፤ ለሊግ ጨዋታ ግን አይሆንም ተባለ። ገዢው ክለብ አሰናበተውና ወደ ቤቴል ተመለሰ። እንዲያው ልበ ሰፊ ልጅ ነው፤ እርስዎ ዘንድ መጥቶ "ታዳጊዎቹን ላሠልጥን" አለ። እርስዎም ቆመው፣ የመኪናዎን በር እንደያዙ፣ "ታዳጊ ቡድኑን ዘግተነዋል። ዘመኑ የመግዛት ነው፤ ማን ተክሎ ይጠብቃል?" አሉት። ስሙ ፍሬ ለሆነ ክለብ ከዚህ የተሻለ መፈክር አይገኝም።

እሱም የበተኗቸውን ልጆች ሰብስቦ ከቤቴል ጀርባ ባለው ገላጣ መሬት ላይ ድንጋይ ጎል አድርጎ ማሠልጠን ጀመረ። ኳስ መጫወት ያቆመው ጀማል በረኞቹን ያሠለጥንለታል። ጫልቱ ከልምምድ በኋላ ሁሉንም ታበላለች። መጀመሪያ ወላጆች መጡ፤ ቀጥሎ ሠፈርተኛው፤ ቀጥሎ እኛ። አሁን ቅዳሜ ጠዋት እዚያ አቧራ ላይ የሚቆመው ሰው እሑድ ስታዲየምዎ ከሚገባው ይበልጣል። እዚያ ያለነው ማንን እንዳጣን ለማውራት አይደለም። ማን እየመጣ እንደሆነ ለማየት ነው። ይህ ስሜት ለእኛ አዲስ ስለሆነ ገና እየለመድነው ነው።

የታዘዝኩትን ግን አድርሻለሁ። ለጫልቱ ስለ ጋቢው ስነግራት ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇን እንኳ አላነሣችም። "ጋቢ አለኝ" አለችኝ። "ልጄም ተመልሶልኛል። ሰውየው ከዚህ ሌላ የሚሰጠኝ ከሌለው ይተወኝ።" ቀዳማዊም በበኩሉ በዚያ ቀን ልጆቹ ከዘነበወርቅ ቡድን ጋር ጨዋታ ስላላቸው እንደማይመቸው በትሕትና እንዳሳውቅዎ ጠይቆኛል። እኛ ደጋፊዎችም ወደዚያው ነን። አዳራሽዎ ባዶ እንዳይሆን ከልብ አስቤበት የማቀርብልዎ ሐሳብ አለኝ፤ ዘመኑ የመግዛት ነውና ደጋፊም ይግዙ። ከውጭ ቢያስመጡ ደግሞ ቋንቋችንን ስለማይሰሙ ንግግርዎን እስከ መጨረሻው ያጨበጭቡልዎታል።

እውነት ማክበር ከፈለጉ ግን ጋቢም መድረክም አያስፈልግም። የጫልቱ ቁርስ ቤት ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው። ይግቡ፣ እናትና ልጅ አንድ ላይ በተቀመጡበት ይቁሙ፣ ያን ቀን ለየብቻ የነገሯቸውን ቃል በሁለቱም ፊት ይድገሙት። ከዚያ በኋላ ይቅር ማለት አለማለት የእነሱ ፋንታ ነው። ጫልቱ ጸሎተኛ ሴት ናት፤ ይቅር ልትልዎ ትችላለች። እኔ እንኳ የምልዎ አይመስለኝም።

ዕድሜን ከጤና ጋር፣ ጤናን ከጥቂት እፍረት ጋር አድሎ እንዲያኖርዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ወንበሩን አክባሪዎ፣
ዋጋነሽ ወልደሰንበት
አየር ጤና፣ ኮልፌ ቀራንዮ

ማስታወሻ፦ ለበዓሉ ብለው አደባባዩ ላይ ባሰቀሉት ትልቅ ባነር "ልጃችን ቀዳማዊ" ከሚለው ጽሑፍ በላይ ያለው ፎቶ የቀዳማዊ አይደለም። አምና መጥቶ ሜዳችን ላይ ጎል ያገባብን የሌላ ክለብ ተከላካይ ነው። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ ያገኙት እንደሆነ ከመሸጥዎ በፊት የማን እንደሆነ ይጠይቁ።