ሳላነብ የፈረምኩበት መናፈሻ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡00

ያቺ አግዳሚ ወንበር ዛሬም ዘመመች። ሰኞ አቃናኋት። ከሥሯ ድንጋይ ጠቀጠቅሁ፤ አፈሩ ዋጠው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሣሩም ይሰረጉዳል፤ እዚህም እዚያም የሰው ቁመት የሚያህል ጎድጓዳ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ዶማ ሲያርፍበት ባዶ ጋን የመታሁ ይመስለኛል። ሰፈርተኛው ጂን ነው ይላል። ጂን ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ሣር ያጭድልኝ ነበር! የሚወቀሰው ግን እኔ ገመቹ ነኝ። ገመቹ ተኝቶ ነው፣ ገመቹ ወንበር መትከል አያውቅም። አሶሳ ውስጥ እንደኔ ያለ የመናፈሻ ጠባቂ ካለ ያምጡና ያሳዩኝ።

ደግሞ አሁን የተማርኩ ነኝ። የማታ ት/ቤት ከጨረስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ። ታፔላ አያመልጠኝም። ፋርማሲውን፣ ጋራዡን፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሚስቴ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ትታለች።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

እማማ ዘነባ መጡ። ዓርብ ዓርብ አይቀሩም። ወንበር እያለ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ማዕዘኑ ላይ ከማንጎው ሥር ከጆግ ውሃ ያፈሳሉ። በክረምት! ዛሬ አላስቻለኝም። እማማ፣ ሣሩ ጠግቧል፣ እርስዎ ይጠጡት አልኩ። አልሳቁም።

«ሣር አይደለም። ልጅ ነው» አሉኝ። «የኔ ልጅ። ሁለት። ኩፍኝ ጊዜ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እኔ ይቅርታ ጠየቅሁ ስልህ፣ ደብተሬ፣ አንተም አታምንም።

ከተማው ሳይሰፋ የእነሱ መንደር እዚህ ነበር አሉ። ይህ ተዳፋት በሙሉ መቃብር። ሟቹ በጎኑ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ዞሮ ይተኛል፤ በራሱና በእግሩ በኩል ድንጋይ ይቆማል። መንደሩ ተነሣ፣ ድንጋዩ ቀረ። በኋላ አንድ ሰውዬ መጥቶ ለቀመው።

ሰውዬው እኔ ነኝ። መናፈሻው ሲሠራ ያጸዳሁት እኔ። እኛ ወለጋ መቃብር ማለት የቤተክርስቲያን ግቢ ነው፤ ሜዳ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ድንጋይ ነው። ሁሉንም ነቅዬ፣ ኖራ ቀብቼ፣ አበባውን አጠርኩበት። ተመስግኜበታለሁ እኮ!

ሰውዬው እኔ መሆኔን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ያኔም ቆሜ አይህ ነበር አሉ። ታዲያ ለምን አልተናገሩም? አልኩ። ተናግሬ ነበር፣ አንተ እየዘፈንክ ነበር አሉ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

የባሰ መጣ። የመናፈሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደረጄ ሜትር ይዞ ማዕዘኑን ይለካል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው። ልክ ከማንጎው ሥር! መቃብር አለ፣ ተው አልኩት። ሳቀ። ከቦርሳው ቃለ ጉባኤ አወጣ። «ቦታው ሲጸዳ መቃብር አለመኖሩን ጠባቂው አረጋግጧል።» ከታች ፊርማዬ፣ ጭራው ሁለት ዙር የተጠቀለለ።

የፈረምኩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ዕድሜ ልኬን በአውራ ጣት ስፈርም ኖሬ፣ ያን ቀን አቶ ደረጄ የጣት ቀለሙን ሲያቀርብልኝ ገፋሁት። እስክሪብቶ! አልኩ። ላንብብልህ ወይ ሲለኝ ለእኔ? ብዬ ተቆጣሁ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ አንሸራሸርኩ፣ እንደ ዳኛ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ፈረምኩ። እውነቱን ላንተ ብቻ፦ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርኩ።

«አንብበህ አይደል እንዴ የፈረምከው?» አለኝ።

አንብቤ ነው አልኩ። ምን ነካኝ? አብረውት የመጡት ቆፋሪዎችና ሁለት የግንብ ሠራተኞች ፊቴ ቆመው ያዩኛል፣ እኔ ደግሞ አላነበብኩም ልል?! ምላሴ ይቆረጥ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሰኞ እንደሚቆፈር፣ ስለፈረምኩበት ወረቀትም፣ ለእማማ ዘነባ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። የልጆቼን ድንጋይ አሳየኝ አሉ። የአበባውን ዙሪያ እያንዳንዱን እየዳሰሱ ዞሩ። ኖራው ሁሉንም አንድ አድርጎታል። እኔም ከየት የቱን እንደነቀልኩ አላውቅም። ብቻዬን ሆኜ ራሴን ሰደብኩ፤ በሁለት ቋንቋ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው? አሉኝ። አዎ።

«እንግዲያ ቃልህን አንተው መልስ።»

ሐምሌ 13፣ እሁድ፣ ከቀኑ 11፡00

ጻፍኩ። አራት ወረቀት አበላሸሁ። አምስተኛው፦ እኔ ገመቹ ቃለ ጉባኤውን ሳላነብ ፈርሜአለሁ። ስጠየቅም አንብቤአለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። መቃብር አለ። ድንጋዩን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

አቶ ደረጄ ቤት ወሰድኩ። በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ሚስቱም ጎረቤቱም እየሰሙ፣ ራሴ አነበብኩለት። በጣት እየተከተልኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ አንድም ቃል ሳልዘል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሞኝነትህን በጽሑፍ ታስመዘግባለህ?» አለ።

በገዛ እጅ ጽሑፌ አልኩት።

ቆፋሪዎቹ ነገ 2 ሰዓት ይመጣሉ፣ ካልተስማማህ የበሩን ቁልፍ አስረክብ አለ። አስረከብኩ። ሚስቴ ከሥራ መውጣቴን እስካሁን አልሰማችም፤ ከዚህ ገጽ በኋላ እነግራታለሁ።

እማማ ዘነባ ጋ ሄጄ ነበር። ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ቀድሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከማንጎው ሥር እቀመጣለሁ። ከባድ ሰው ነኝ። መቆፈር የፈለገ መጀመሪያ እኔን ያንሳ።